ጠባብ ኩሽና፣ ሰፊ መኸር

መኸር በገባ ቁጥር ከከተማ ቤቶች የሚሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ «ማስቀመጫ የለኝም!» የጤፉ ጆንያ በሩን አላስከፍት ብሏል፣ የበርበሬው ማዳበሪያ የቡሆውን ባልዲ ገፍቶ ምድጃው ሥር አስገብቶታል፣ ሽንኩርቱ ጥግ ላይ እንደተከመረ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፣ አንድ ክዳን የፈለገ ሰው ሦስት ድስት ያወርዳል። ይህን ማብራሪያ የማዘጋጀው በኮንዶሚኒየምም ሆነ በኪራይ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የመንፈቅ ወይም የዓመት ቀለባችሁን በመኸር ለምትገዙ፣ ወይም ከገጠር ለሚላክላችሁ ነው። ስለ ቆንጆ ካቢኔት አላወራም። ካቢኔት ያለው ቤትም ታህሳስ ሲደርስ ያው መፈናፈኛ ያጣል።

ቦታ የሚበላው ያላለቀ ሥራ ነው

በመኸር ወቅት ኩሽናውን የሚያጣብበው የዕቃው ብዛት ብቻ አይደለም። ያልተቀነጠሰ በርበሬ፣ ያልተከካ ሽምብራ፣ ያልተነጠረ ቅቤ፣ ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው ቤቱ መቆሚያ የሚያሳጣው። እያንዳንዱ ሥራው ሲያልቅለት መጠኑ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይጨምራል። የትኛው እንደሚቀንስና የትኛው እንደሚጨምር ያወቀ ሰው ግማሹን ችግር ፈታ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። 10 ኪሎ ደረቅ ዛላ በርበሬ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ይሞላል። ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ከነቅመሙ ሲፈጭ ግን ባለ 20 ሊትር ባልዲ ገደማ ይበቃዋል፤ ዛላው አብዛኛው አየር ነውና። ሽንኩርትም ከክብደቱ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ስለሆነ፣ አንድ ዘንቢል ሙሉው ቁሌት ሲሆን መካከለኛ ድስት አይሞላም። ጤፍ የእነዚህ ተቃራኒ ነው። 100 ኪሎ ጤፍ በፍሬው 120 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ሲፈጭ ዱቄቱ አየር ይዞ ይነፋና ከዚያ በጣም የሰፋ ዕቃ ይፈልጋል። ስለዚህ በርበሬና ሽንኩርት ሥራቸው ቶሎ ሲያልቅ ቦታ ይለቃሉ፤ ጤፍ ግን ሥራው በዘገየ ቁጥር ቦታ ይቆጥባል። ብዙ ቤት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጤፉን ገዝቶ በዚያው ቀን ወፍጮ ቤት ይወስዳል፣ በርበሬውን ደግሞ «ጊዜ ሲኖረኝ» እያለ ሁለት ወር ያቆየዋል።

ወራቱ ተራ ይዘው ነው የሚመጡት

መኸር የምንለው በአንድ ሳምንት የሚወርድ ጎርፍ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ላሟ ለምለም ሳር ስትጠግብ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ቅቤ ይበረክታል፤ የክረምቱ ነጭ ሽንኩርትም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ህዳር ላይ ቀይ ለብሶ የደረቀ በርበሬ ከማረቆና ከሀላባ፣ ከጎጃምም ይመጣል። ባቄላና አተር በህዳርና በታህሳስ ይወቃሉ። ጤፍ ህዳርና ታህሳስ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተነፍቶ ገበያውን የሚሞላው ከታህሳስ አጋማሽ ወዲህ ነው። ሽምብራ በክረምቱ ማብቂያ በቀረው እርጥበት የሚዘራ በመሆኑ የሚሰበሰበው ከጥር ወዲህ ነው።

እንግዲህ ተፈጥሮ ራሷ ተራ አስይዛልናለች። ተራውን የምናፈርሰው እኛ ነን፤ ደመወዝ ሲገኝ፣ ወይም መኪና ያለው ዘመድ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እናስገባለን። እኔ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው፦ ቅቤው በጥቅምት ይነጠር፤ በርበሬው በህዳር ገብቶ ጤፉ ከመምጣቱ በፊት ተፈጭቶ ይለቅ፤ ጤፉ በታህሳስ መጨረሻ ወይም በጥር ይግባ፤ ሽምብራው የካቲት ላይ ሲመጣ ከጤፉ የተወሰነው ስለተበላ ቦታ ያገኛል። ህዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ለዚህ ይመቻል። ቅቤው ተነጥሮ ተከድኖ ይቀመጣል እንጂ ድስት አያስይዝም፤ ፍስክ የለምና ማታ ማታ በርበሬ የሚቀነጥስ እጅ አይታጣም። ገና ደርሶ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት፣ ከዚያም ጥምቀትና የጥር ሠርግ ከመከተሉ በፊት ወለሉ ነፃ መሆን አለበት።

ከገጠር የሚላክላችሁ ከሆነ ተራውን ከላኪው ጋር ተነጋገሩ። ብዙ ሰው ይህን ማለት ያሳፍረዋል፤ የተላከ ነገር ላይ ምርጫ ማውጣት ነውር ይመስለዋል። በወግ ከተነገረ ነውር የለውም። «እትዬ፣ ሽምብራውን እዚያው አስከክተው ቢልኩልኝ፤ እዚህ መክኪያም ማስጫም የለኝ» ብትሏቸው እሳቸውም ይደሰታሉ። እንዲያውም ገለባውና እብቁ ለከብቶቻቸው ይተርፋቸዋል።

ኩሽና ለእህል ክፉ ቤት ነው

ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሁሉ ይስቃሉ፤ ቢሆንም እውነት ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል በቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ እርጥቡ ነው። ሊጥ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ ምጣዱ ላይ ዓይን ሲያወጣ ከዚያ ውኃ ብዙው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ያ እንፋሎት ወዴት ይሄዳል? ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ፣ የካቢኔቱ ጀርባ ላይ፣ የጆንያው አፍ ላይ ያርፋል። ወጥ ሲንተከተክም ያው ነው። እህል ደግሞ ከአካባቢው አየር እርጥበት ይስባል። ደርቆ የተገዛ ባቄላ ምድጃ አጠገብ ሁለት ወር ከቆየ ደረቅነቱ ይጠፋል፤ ሻጋታና ነቀዝ የሚፈልጉትም ይህንኑ ሙቀትና እርጥበት ነው።

ስለዚህ ኩሽና የሚገባው የሳምንቱ ወይም የሁለት ሳምንቱ ብቻ ይሁን። የቀረው መኝታ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ወይም ፀሐይ የማይመታው ኮሪደር ይሂድ። የአዲስ አበባ ህዳርና ታህሳስ ደረቅ አየርና ቀዝቃዛ ሌሊት አላቸው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ መኝታ ቤት ሙቅ ከሆነው ኩሽና ይልቅ ለእህል ይስማማል። ድሮ በየቤቱ ጎታው የቆመው ከጓዳ እንጂ ከምድጃው ጎን እንዳልነበር ልብ በሉ።

ጆንያ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ። ሲሚንቶ እርጥበት ያስተላልፋል፤ የጆንያው ቂጥ ሲረጥብ ላዩ ደረቅ ስለሚሆን ማንም አያየውም። ሁለት የተገለበጡ የለስላሳ ወይም የቢራ ሳጥኖችና አንድ ጣውላ በቂ ናቸው። ከግድግዳውም አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፤ አየር በኋላው እንዲዞር፣ አይጥ ከሄደችበትም ዱካዋ እንዲታይ።

ደርቋል ወይ?

ከማስቀመጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ዝናቡ ያለ ወቅቱ ህዳር ላይ ከወረደ፣ እህሉ ነዶ ላይ እያለ ይርሳል፤ ገበያ ላይ ግን ደረቅ መስሎ ይቀርባል። እናቶቻችን በጥርስ ይፈትኑታል፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ጥርስ ከተቀበረበት አልደረቀም። ጥሩ ፈተና ነው። እርግጠኛ መሆን የፈለገ የጨውን ፈተና ይጠቀም።

ጨው በደረቅ መጥበሻ ላይ በደንብ አሙቁና አቀዝቅዙት። ንጹሕና ደረቅ የሆነ ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ ውሰዱ፤ ባዶ የማር ወይም የጃም ማሰሮ ይሆናል። ሲሶ ያህሉን በሽምብራ ወይም በበቆሎ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ናጡት፣ ከዚያም አስቀምጡትና ጨው እስኪረጋ ጥቂት ጠብቁ። አሁን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱት። ጨው በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ነጭ አቧራ መስሎ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እህሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ ጨው ሁሉ ታች ከወረደ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ እህል ከ12 እስከ 13 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ፈተናው ለጤፍ አይሆንም፤ ጨውና ጤፍ ስለሚቀላቀሉ። ጤፍን እጃችሁን እስከ ክርናችሁ አስገብታችሁ መርምሩት፤ መካከሉ ከሞቀ ወይም ጨብጣችሁ ስትለቁት ጓል ሆኖ ከቀረ አትግዙት።

ጤፍ፦ በፍሬው ይቀመጥ

የብርዕ እህል ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በፍሬው ውስጥ ነው፤ ልጁም እዚያው እየበላ ያድጋል። የስንዴ ፍሬ ወይም የበቆሎ ፍሬ ለዚህ ሰፊ ቤት ነው። ጤፍ ግን 150ው አንድ ላይ ሆኖ የአንድ ስንዴ ፍሬ ያህል የሚመዝን በመሆኑ ነቀዝ አያስተናግድም። ደረቅ ጤፍ በጥሩ ዕቃ ለዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ዱቄት ከሆነ በኋላ ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል። ጤፍ ከነገለፈቱና ከነጽንሱ ስለሚፈጭ ቅባቱ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ እየቆየ ይጎመዝዛል፤ የዱቄት ጥንዚዛም ይገባበታል።

በቀን 1 ኪሎ ተኩል ዱቄት የሚያቦካ ቤት 100 ኪሎውን ለመጨረስ 67 ቀን ያህል ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ከተፈጨ የመጨረሻው ዱቄት ሁለት ወር አልፎታል። በ25 ኪሎ ከተከፋፈለ ግን እያንዳንዱ ዙር በ17 ቀን ገደማ ያልቃል፤ ኩሽና ውስጥ የሚቆመውም አንድ ባልዲ ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት አራት ጊዜ መመላለስ ያደክማል፤ እኔ ግን ድካሙ ከጎመዘዘ እንጀራ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዱቄት ከወፍጮ ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እጃችሁን ብታስገቡ ለብ ይላል። እንደ ደረሳችሁ ባልዲ ውስጥ ጨምራችሁ ብትከድኑት ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ ክዳኑ ሥር ጠብታ ይሠራል፣ ጠብታው ወርዶ ዱቄቱን ያጓጉለዋል፣ ከጓጎለውም ሻጋታ ይነሳል። አፉን ከፍታችሁ፣ ንጹሕ ነጠላ ጣል አድርጋችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ አቆዩት። ክዳኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽምብራ፣ ባቄላና ነቀዝ

የጥራጥሬ ነቀዝ እንግዳ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተገዛው እህል ጋር ነው። ሽምብራን በእፍኝ ይዛችሁ በብርሃን ስታዩት በፍሬው ላይ የተጣበቀ ነጭ ነጥብ ካለ፣ እሱ እንቁላል ነው። ክብ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ነቀዙ አድጎ ወጥቷል። በሞቃት ቤት ከእንቁላል እስከ ነቀዝ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ስለዚህ በጥር ሁለት ሦስት ነጥብ የታየበት ጆንያ በፋሲካ ዱቄት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

መፍትሔው ደግሞ ከቦታ ቁጠባው ጋር አብሮ ይሄዳል። ሥራው የተጠናቀቀ ጥራጥሬ ለነቀዝ አይመችም። ነቀዙ እንቁላል መጣል የሚወደው ሙሉ ፍሬ ላይ ነው፤ ተፈልጦ ክክ የሆነውን ብዙም አይመርጠውም። ለሽሮ የሚታመሰው ደግሞ እንቁላሉ በእሳት ይጠፋል። ስለዚህ ለዓመቱ ሽሮ የምታስቡትን ሽምብራና አተር በገባበት ወር አምሳችሁ ክኩት፤ ለንፍሮና ለቆሎ የምትፈልጉት ትንሽ ክፍል ብቻ ሙሉ ፍሬ ሆኖ ይቅር።

ሙሉ ፍሬውን ለማቆየት የገበሬው ዘዴ እስካሁን ያስደንቀኛል፤ ጥራጥሬውን ከጤፍ ጋር ይቀላቅለዋል። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ለጠባብ ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በተከመረ ሽምብራ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ባዶ አየር ነው። 20 ኪሎ ሽምብራ በሚይዘው ዕቃ ውስጥ 7 ወይም 8 ኪሎ ጤፍ ያለ ተጨማሪ ቦታ ይገባል ማለት ነው። ሲፈለግ በወንፊት ይነፋል፤ ጤፉ ታች፣ ሽምብራው ላይ።

ሌላው ሦስት ሽፋን ያለው የፒክስ ከረጢት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ላሪ መርዶክ የሚመሩት የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ካሜሩን ውስጥ ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ የሠራው ሲሆን፣ አሁን በአገራችንም ይሸጣል። ሁለት ወፍራም ላስቲኮች ውስጥ፣ የተሸመነው ማዳበሪያ ውጪ ነው። ሲታሰር ነቀዞቹ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ነፍሳቱ ደረቅ እህል ውስጥ የሚኖሩት የሚያስፈልጋቸውን ውኃ ከሚበሉት በኦክስጅን አማካይነት እያወጡ ነው፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ መብላት ያቆማሉ፣ ደርቀውም ይሞታሉ። መድኃኒት የለው፣ ሽታ የለው። ግን በየሦስት ቀኑ የሚከፈት ከሆነ ከተራ ጆንያ አይሻልም። የሳምንቱን ኩሽና አስቀምጡ፣ ከረጢቱን እሰሩና እርሱት። እርጥብ እህልም አይግባበት፤ ላስቲክ ውስጥ የታፈነ እርጥበት መውጫ የለውም።

ጥቂት ኪሎ ብቻ ከሆነ ፍሪዘር በቂ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር አንድ ሳምንት ከቆየ ነቀዙም እንቁላሉም ይሞታል። ሲወጣ ግን ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ላስቲኩ አይከፈት፤ ከተከፈተ የክፍሉ አየር እርጥበት በቀዝቃዛው ፍሬ ላይ ጤዛ ይሆናል።

አልጋ ሥር እህል ላለው ሁሉ

እህሉን መኝታ ቤት አስገቡ ብያለሁና ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። ገበያ ላይ «የነቀዝ ክኒን» እየተባለ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ሰውንም ይገድላል፣ በተለይ ሕፃናትን። ማርከሻ የለውም። ታስቦ የተሠራው ሰው ለማይተኛበት፣ በባለሙያ ተዘግቶ በባለሙያ ለሚከፈት መጋዘን ነው። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ፍሬም ቢሆን፣ ጆንያው ምንም ያህል ቢታሰር፣ አይገባም። በረንዳም ከሆነ መስኮቱ ወደ መኝታ ቤት ይከፈታል። የተገዛው እህል ጆንያ ውስጥ ግራጫ ዱቄት በጨርቅ ተቋጥሮ ካገኛችሁ፣ ወይም ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ፣ ሰውን ሁሉ አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጆንያውን ወደ ቤት አትመልሱት።

በርበሬ

ከመኸር ሥራ ሁሉ ይበልጥ ቦታና ጊዜ የሚወስደው በርበሬ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ግዢው ላይ ይጀመራል። ዛላውን ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። እጠፉት፤ ከተሰበረ ጥሩ ነው፣ እንደ ቆዳ ከታጠፈ እርጥበት አለው። በአንዳንድ ገበያ ዛላው እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ ይረጩበታል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ይሻግታል። ሁለት ሦስቱን ቁመታቸውን ሰንጥቃችሁ ውስጣቸውን እዩ። ውስጡ ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር ብናኝ ካለ ተዉት፤ መቀንጠስም ማጠብም አያድነውም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በአፍላቶክሲን ምክንያት ነው። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ሲሆን፣ እየተጠራቀመ ጉበትን ይጎዳል፤ ካንሰርም ያስከትላል። የታወቀው በ1960 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ሲያልቁ ነው ሳይንቲስቶች መርዙን ያገኙት። መፍላትም መቆላትም ይህን መርዝ ብዙ አይቀንሰውም። የአውሮፓ ኅብረት በቅመማ ቅመም ውስጥ የሚፈቅደው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ለቤታችን ትርጉሙ አጭር ነው፤ የሻገተውን ለይቶ መጣል እንጂ «ከብዙው ጋር ሲፈጭ አይታወቅም» የሚባል ነገር የለም።

ቤት ሲገባ ወዲያው ይቀንጠስ። አንድ ምሽት፣ አንድ ሰፌድ፣ አራት እጅ። እጅን ቀድሞ ዘይት መቀባት ይረዳል፤ ዓይን መንካት ግን እስከ ማግሥቱ አይታሰብም። ግንጩ ወጥቶ ሲጣል ማዳበሪያው በግልጽ ይጎድላል።

ቀጥሎ ማስጣት ነው፤ ጠባብ ቤት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር እርድ፣ ልብስ ማጠብ፣ በርበሬ ማስጣትና መውቀጥ በአፓርታማ እንደማይመች ታስቦ ለብሎኮቹ የጋራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ኮሚናል የምንለው ነው። በአንዳንዱ ሳይት አሁንም ያገለግላል፤ በአንዳንዱ ተከራይቶ ወይም መጋዘን ሆኖ ቀርቷል። ካለ ከጎረቤት ጋር ቀን ተከፋፈሉ። ከሌለ በረንዳ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፋችሁ፣ የመንገድ አቧራ እንዳያገኘው በስስ ሻሽ ሸፍናችሁ አስጡት። ፀሐይ ሳይገባ ሰብስቡት፤ የህዳር ሌሊት ጤዛ ቀኑን ሙሉ የደረቀውን በአንድ ሌሊት ያርሰዋል።

ከዚያ ይደለዛል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ አብረው ይወቀጣሉ፤ እንደገና ይሰጣል። ድልዙ ሁለተኛ መድረቅ ያለበት ከመጀመሪያው ይበልጥ ነው፤ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታልና። ብዙ በርበሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስለስ እንዳለ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ባልዲ ውስጥ ይከደናል፣ በመጋቢት ሲከፈት ይሸታል። ጓሉን በእጃችሁ ሰባብሩት፤ መካከሉ ጥርት ብሎ ካልተሰበረ ሌላ አንድ ቀን ፀሐይ ስጡት። ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ድንብላሉና ጨው ተቆልተው የሚገቡት በመጨረሻ ነው።

በአፓርታማ ውስጥ መውቀጥ ሌላ ጣጣ ነው። ሙቀጫው የታችኛውን ፎቅ ጣሪያ ያናውጣል፤ ብናኙም ደረጃውን ሙሉ ያስነጥሳል። አስም ያለበት ልጅ ያለው ጎረቤት ካለ ቀድሞ መንገር ይገባል። ወፍጮ ቤት የሚደልዝ ማሽን ካለ ዋጋውን ከፍሎ መገላገል ይሻላል።

የተፈጨው ባልዲ ከብርሃን ይራቅ፤ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል። ለዕለት የምትጠቀሙበትን በትንሽ ዕቃ ቀንሱ። ትልቁን በእርጥብ ማንኪያ የሚጨልፍ ሰው ካለ ክዳኑን በፕላስተር ብታሽጉትም አልፈርድም።

ሽንኩርት፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት

ሽንኩርትና ድንች አንድ ዘንቢል ውስጥ አይቀመጡ። ድንች ይተነፍሳል፣ እርጥበት ያወጣል፤ ሽንኩርቱ ያንን ስቦ ያቆጠቁጣል ወይም ይበሰብሳል። ሽንኩርት አየርና መረብ ይፈልጋል፤ ከበሩ ጀርባ በመረብ ከረጢት ይንጠልጠል። ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን ያገኘው ድንች ይለመልማል፣ በለመለመው ላይ ሶላኒን የሚባል መርዝ ይበዛል። አረንጓዴውን አጥልቃችሁ ቁረጡ፤ ከበዛ ጣሉት።

ነጭ ሽንኩርት ከነግንዱ ተጎንጉኖ ቢሰቀል ቦታው ግድግዳ ብቻ ነው። ፍሪጅ አይስማማውም፤ ያበቅላል። አሁን አሁን የሚታየው ልማድ ግን ተልጦ ተፈጭቶ ዘይት ፈስሶበት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ አደገኛ ነው። ዘይት አየር ይከለክላል፤ አየር የሌለበት፣ አሲድ የሌለበት፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚፈልገው ነው። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ያቀረበው በዘይት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰው አሟል። ጣዕሙም ሽታውም አይለወጥም። የተፈጨውን በበረዶ መሥሪያው ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙት፤ ለአንድ ወጥ አንድ ጓል። ቁሌትም በዚህ መንገድ በላስቲክ ጠፍጥፋችሁ ብታቀዘቅዙት እንደ ደብተር ይደረደራል።

ቅቤ

ለጋ ቅቤ ውኃና የወተት ቅሪት ስላለው ቦታም ፍሪጅም ይጠይቃል። ሲነጠር ውኃው ይተናል፣ አንቡላው ይወርዳል፤ የቀረው በኮሰረትና በኮረሪማ ጥሩ መዓዛ ይዞ በጨለማ መደርደሪያ ለወራት ይቆያል። እርጥብ ማንኪያ ለዚህም ጠላት ነው።

መደርደሪያው

ብዙ የምለው የለኝም። ክብ ባልዲዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ከወለሉ አንድ አምስተኛ ያህሉ ማዕዘኑ ላይ በከንቱ ይቀራል፤ አራት ማዕዘን ዕቃ ይህን ይመልሳል። ስለዚህ አዲስ የምትገዙት ካለ አራት ማዕዘን ግዙ፤ ያላችሁን ክብ ግን አትጣሉ። አናጢ ሲሠራላችሁ ጥልቅ መደርደሪያ አታሠሩ። ከክንድ በላይ ጥልቀት ያለው ከኋላው የአምና ምስር ይወልዳል። በክዳኑ ላይ የገባበትን ወር በማርከር ጻፉ፤ አሮጌው ፊት፣ አዲሱ ኋላ። አክንባሎና ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ ወለል ላይ ምንም ቦታ የላቸውም።

ባዶው ጆንያ

ሁሉም ገብቶ ሁሉም ሲያልቅ ከበሩ ጀርባ የሚቀረው የታጠፈ ባዶ ጆንያ ነው። ሰው አይጥለውም፣ «ለከርሞ ይሆናል» ይላል፤ ልክም ነው። ነገር ግን በስፌቱ ውስጥ ነቀዝና እንቁላል ያድራል፤ የሚቀጥለው ዓመት ንጹሕ ሽምብራ የሚበከለውም ከዚያ ነው። ገልብጣችሁ አራግፉት፣ ስፌቱን ቦርሹት፣ የፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ አድርቁት። የፒክስ ከረጢትን ውስጡን ላስቲክ በአየር ነፍታችሁ አፉን ጠምዝዙና ጨመቅ አድርጉት፤ ከሾለከ ተቀድዷል። የተቀደደው ላስቲክ ለእህል አያገለግልም፤ የውጪው ማዳበሪያ ግን ለከሰል ይሆናል።